ሶሻል አይዋስም

ልጆቼ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የሰው ታክስ ስሠራ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል 15 ጠረጴዛዬ ፊት የሚቀመጠው አብዛኛው ሰው የአገሬ ልጅ ነው።

አንዲት ልጅ ነበረች፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ቀንም ሌትም የምትሠራ። ታክሷን ሞልቼ ስልከው ወዲያው ተመለሰብኝ፤ በእሷ ሶሻል፣ ማለትም በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሯ፣ ሌላ ሰው ቀድሞ ልኳል። «ደብዳቤ አልደረሰሽም?» አልኳት። በማግስቱ አንድ ፌስታል ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ሃያ ሠላሳ ፖስታ፣ አንዱም አልተከፈተም። «ገና እንግሊዝኛውን ሳየው ልቤ ድንግጥ ይላል» አለችኝ። እየቀደድን አነበብን። አይ አር ኤስ፣ የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት፣ ረግጣው በማታውቀው ስቴት ከአንድ የዶሮ ፋብሪካ ያገኘሽውን ደሞዝ አላሳወቅሽም ይላታል። ሌላው ያላወጣችው የሦስት ስልክ ሂሳብ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ከተላከ አሥራ አራት ወር ሆኖታል።

ዝም ብላ ቆየችና፣ «ለአንድ ዘመዴ የሶሻል ካርዴን ፎቶ አንስቼ በቫይበር ልኬለት ነበር፤ ወረቀቱ እስኪወጣለት ልሥራበት ብሎኝ» አለች።

ማንነት ተሰረቀ ሲባል ሁላችንም የምናስበው የማናውቀውን ሌባ ነው። እኔ ካየሁት ብዙው የጀመረው ግን ከእኛው ሰው፣ ከይሉኝታ ነው። ዘመድ ሲቸገር አሳድሩት፣ አብሉት፣ ለጠበቃ አዋጡለት። ሶሻላችሁን ግን አታውሱት፤ ማዋሱ ራሱ በሕግ ያስጠይቃል። እሱ ባይከዳችሁ እንኳ ቁጥሩን የተቀበለ ቀጣሪ አለ፤ ፎቶው የቀረበት ስልክ አለ። የባንክ ካርድ ቢጠፋ በሳምንት ሌላ ይመጣል። ያ ዘጠኝ አኃዝ ግን ዕድሜ ልክ አብሯችሁ የሚኖር ነው፤ መንግሥት የሚቀይረው ከስንት አንዴ ነው።

ምልክቱ ሲመጣ ትንሽ ሆኖ ነው የሚመጣው። ከባንካችሁ የማታውቁት አንድ ዶላር ይወጣል፤ ሌባው ካርዱን እየሞከረ ነው። ይመጣ የነበረ ፖስታ ድንገት ይቆማል፤ አድራሻችሁ ተቀይሮ ይሆናል። ስልካችሁ ከተማ መሀል ኔትወርክ ያጣል፤ ሌባው ቁጥራችሁን ወደ ሌላ ሲም አዙሮ የባንኩን ኮድ እየተቀበለ ሊሆን ይችላልና በሰው ስልክም ቢሆን ወዲያው ለስልክ ኩባንያችሁና ለባንካችሁ ደውሉ። በ2021 መጀመሪያ ብዙ ሰው ያልጠየቀው የሥራ አጥ ክፍያ ወሰድክ የሚል 1099-ጂ የተባለ የታክስ ቅጽ ደርሶት፣ በስህተት የመጣ መስሎት ጥሎታል።

ከ2018 ጀምሮ ክሬዲት ፍሪዝ፣ ማለትም ሌላ ሰው በስማችሁ አዲስ ብድር እንዳያወጣ የክሬዲት መዝገባችሁን ማስቆለፍ፣ በነፃ ነው። መዝገቡን የሚይዙት ሦስቱ ድርጅቶች፣ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን ጋ ለየብቻ ነው የሚጠየቀው፤ አንዱን ብቻ አድርጎ የተቀመጠ ብዙ ሰው አይቻለሁ። ከአይ አር ኤስም በየዓመቱ የሚቀየረውን ባለ ስድስት አኃዝ የምስጢር ቁጥር፣ አይፒ ፒን፣ አውጡ፤ ያለ እሱ በስማችሁ ታክስ በኮምፒውተር አይገባም። ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው ስሙንና ፒቲኑን (የታክስ ሠሪነት መለያ ቁጥሩን) ቅጹ ላይ አላሰፍርም ካለ ጥላችሁት ውጡ፣ የሙያ ባልደረባዬም ቢሆን።

ከደረሰባችሁ ደግሞ አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ጎቭ (IdentityTheft.gov) በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ አመልክቱ፤ የዘመድ ስም ይነሳል ብላችሁ አትደብቁ። ያቺ ልጅ ቤተሰብ እንዳይቀያየም ብላ ሦስት ወር ዝም አለች። የታክስ ተመላሽ ገንዘቧ እጇ እስኪገባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነበር የቀረው። ዘንድሮ ፌብሩዋሪ ላይ ስትመጣ ፖስታዎቿን ሁሉ ከፍታ፣ በቀናቸው ደርድራ፣ የአይፒ ፒኗን ወረቀት ከላይ አድርጋ ነበር።