ዶፕለር አልትራሳውንድና የፅንስ እድገት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በ32ኛው ሳምንት ፅንሱ አነስ ብሏል ተብሎ ዶፕለር ታዘዘልኝ። ዶፕለር ክብደት ይለካል?

መልስ፦ አይለካም። ክብደቱ የሚገመተው በተለመደው አልትራሳውንድ የጭንቅላቱ፣ የሆዱ ዙሪያና የጭኑ አጥንት ተለክቶ ሲሆን፣ ዶፕለር የሚያሳየው የደም ፍሰትን ነው። ግምቱ ከ10ኛው ፐርሰንታይል በታች የሆነ፣ ማለትም በተመሳሳይ የእርግዝና ሳምንት ካሉ መቶ ፅንሶች ከአሥሩ ትንንሾች የሚመደብ ፅንስ ሁሉ አልታመመም፤ በተፈጥሮው ትንሽ የሆነም ብዙ ነው። ዶፕለር የሚፈለገው ይህንን ጤናማ ፅንስ የእንግዴ ልጁ በሚገባ ካልመገበው ፅንስ ለመለየት ነው።

ጥያቄ፦ እትብቱ ላይ የሚታየው ምንድን ነው?

መልስ፦ እትብት ሁለት ደም ቅዳና አንድ ደም መልስ አለው። ደም ቅዳዎቹ ከፅንሱ ልብ የተረጨውን ደም ወደ እንግዴ ልጁ ያደርሳሉ። ስክሪኑ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደረ ሞገድ ይታያል፤ ጫፉ ልብ ሲኮማተር፣ በጫፎቹ መካከል ያለው ዝቅታ ደግሞ ልብ ሲላላ ያለው ፍሰት ነው። ባለሙያው ዓይኑን የሚተክለው ዝቅታው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ጤናማ እንግዴ ልጅ ለደሙ መንገድ ስለሚለቅ ልብ ሲላላም ፍሰቱ ወደፊት ይቀጥላል፣ ጥቃቅን ደም ሥሮቹ ሲጎዱ ግን ይቀንሳል፣ ቀጥሎ ይቋረጣል፣ ሲብስም ወደኋላ ይመለሳል። የአሜሪካ የእናትና የፅንስ ሕክምና ማኅበር ፍሰቱ ከተቋረጠ በ33ና 34 ሳምንት መካከል፣ ወደኋላ ከተመለሰ ደግሞ በ30ና 32 ሳምንት መካከል ማዋለድን ይመክራል፤ የእናቲቱ ወይም የፅንሱ ሁኔታ ከዚያ ቀድሞ ሊያስገድድም ይችላል።

ጥያቄ፦ «ወደ አንጎሉ ብዙ ደም እየሄደ ነው» ተባልኩ። ጥሩ አይደለም?

መልስ፦ ሲሰሙት የምሥራች ይመስላል፤ ነገር ግን ኦክስጅን ያነሰው ፅንስ ሌላውን አካሉን እያስራበ አንጎሉን እንደሚያድን ሊያመለክት ስለሚችል፣ ከእትብቱ ውጤት ጋር ተያይዞ መነበብ አለበት።

ጥያቄ፦ እርግዝናዬ ምንም ችግር የለበትም። ለማረጋገጫ ያህል ላሠራው?

መልስ፦ አያስፈልግም። ጥቅሙ የታየው የደም ግፊት ወይም የእድገት መዘግየት ባለበት፣ አደጋው ከፍ ባለ እርግዝና ነው።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ የልብ ምት ማዳመጫስ ይተካዋል?

መልስ፦ በፍጹም። መሣሪያው ድምፅ እንጂ የፍሰቱን ቅርጽ አያሳይም፤ የእናትየውን የልብ ምት የፅንሱ አድርጎ የማሰማት ዕድልም አለው። የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ የልብ ምቱን ሰምተው ሳይዘናጉ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።