ማፑ ነው የጠበበው ወይስ እኔ ነኝ ያደግኩት?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጅ። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት በሰዓት እየከፈልኩ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ስጫወት ነው ያደግኩት፣ ሚሽን ምናምን አልሰራም፣ ሳይክሏን ይዤ ዝም ብዬ ገጠር ገጠሩን መሄድ ነበር ስራዬ፣ ልጆቹ ሁሉ ይስቁብኝ ነበር። ታድሶ የወጣውን በቅርቡ ጓደኛዬ ጋ ስጫወተው ግን ያ ሁሉ አገር አንድ ቀበሌ አከለብኝ። ማርጀቴ ነው? ደግሞ 4 ጊጋ ራም ያላት አሮጌ ላፕቶፕ አለችኝ፣ ያንን ስሜት የሚመልስልኝ ጌም ካለ ንገረኝ። (ከሳሪስ)

መልስ፦ አርጅተህ ሊሆን ይችላል፣ እሱን አልከራከርህም፣ ግን ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም። ነገሩ ጉሙ ነው። ሳን አንድሪያስ በ2004 (በፈረንጆቹ) ሲወጣ ፕሌይስቴሽን 2 የነበረው ዋና ሜሞሪ 32 ሜጋባይት ብቻ ነው፣ ዛሬ ስልክህ ላይ ያሉ ጥቂት ፎቶዎች ይሞሉታል፣ እና ሦስት ከተማ ከነበረሃው ከነተራራው አንዴ መያዝ ስለማይችል አንተ በሄድክ ቁጥር የፊቱን ከዲስኩ እያነበበ ያመጣል፣ የኋላውን ይጥላል፣ ገና ያልመጣውን ደግሞ በጭጋግ ይሸፍንልሃል። ማውንት ቺሊያድ የሚባለው የጌሙ ተራራ ጫፍ ላይ ወጥተን ቁልቁል ስናይ ጭጋግ ብቻ ነበር እኮ፣ ከተማዋ ሎስ ሳንቶስ ሌላ አገር ነበር የምትመስለን። በ2021 ሲታደስ ጭጋጉ ተነሳ፣ ከተማዋም ተራራው ስር ቁጭ ብላ ተገኘች። ማፑ ያው ነው፣ ገመናው ነው የወጣው። በ2024 በመጣ አፕዴት የድሮው ሰማይ ስለተመለሰ ጓደኛህ ሴቲንግ ውስጥ ክላሲክ ላይቲንግ የሚለውን ያብራልህና እንደገና ሞክረው።

ለላፕቶፕህ ሳላቅማማ ሞሮዊንድ እልሃለሁ። የ2002 ጌም ነው፣ ቤተስዳ የሰራው፣ ያኔ 256 ሜጋባይት ራም ይበቃው ስለነበር ያንተዋ ማሽን ትስቅበታለች። ግራፊክሱ አስቀያሚ ነው፣ ገጸ ባህሪያቱ እንጨት የዋጡ ይመስላሉ፣ ውጊያው መጀመሪያ ላይ ያናድዳል፣ ጠላትህን ቆመህ ፊት ለፊት እየመታኸው ምትህ ይስታል። ግን ሚሽንህ የት እንዳለ የሚያሳይ ቀስት የሚባል ነገር የለም! አንዱ ወንዙን ተከትለህ ሂድ፣ ድልድዩን ስታልፍ ወደ ግራ ታጠፍ ይልህና በቃ፣ ቀሪው ያንተ ጣጣ ነው። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይሄ ምኑ ይከብዳል፣ እኛ ቤታችንን የምናመላክተው ከሱቁ አለፍ ብሎ ሰማያዊ በር እያልን አይደል? የነገሩህ አቅጣጫ አንዳንዴ ራሱ ስህተት መሆኑ ደግሞ ጭራሽ አገሬን አስታወሰኝ። ከከተማ ከተማ የምትሄደው ሲልት ስትራይደር በሚባል ቤት የሚያህል ነፍሳት ጀርባ ላይ ነው፣ እሱም እንደ ታክሲ የራሱ መስመር አለው፣ የማይሄድበት ከሆነ ወርደህ ሌላ ትይዛለህ። ጌሙ ያለባት ደሴት በዛሬ ሚዛን ትንሽ ናት፣ እኔ ግን ከየትኛውም ጌም በላይ የጠፋሁት እዚያ ነው።

ያለ ጉም ማፕን ማስፋት የቻለ ካየሁት አንድ ነው፣ የ2017ቱ ዜልዳ፣ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ። ሰሪዎቹ በየቦታው ኮረብታውንም ድንጋዩንም ሦስት ማዕዘን ቅርጽ እያስያዙ ነው ያስቀመጡት፣ ፊትህ ሲደቀን ወይ ትወጣዋለህ ወይ ትዞረዋለህ፣ በሁለቱም በኩል ከጀርባው ሌላ ነገር ብቅ ይልብሃል፣ እሱን ብለህ ስትሄድ መጀመሪያ የት ልትሄድ እንደነበር ትረሳዋለህ። እኔ እንግዲህ ቤተ መንግስቱን ላይ ብዬ የወጣሁ ሰውዬ ሁለት ሳምንት ፈረስ ሳሳድድ ነው የከረምኩት። ይሄ ግን የኔንቴንዶ ማጫወቻ ይፈልጋል፣ ላፕቶፕህን አታስጨንቃት።

ጥያቄ፦ ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 የሚባለውን የካውቦይ ጌም ጀምሬ በጣም ቀሰስተኛ ሆነብኝ። ከስራ ስመለስ ያለችኝ አንድ ሰዓት ናት፣ ልተወው? (ከዱባይ)

መልስ፦ እህቴ፣ በረዶው ላይ ነሽ አይደል? የመጀመሪያው ምዕራፍ በረዶ በረዶ ብቻ ነው፣ ብዙ ሰው እዚያ ነው ጥሎት የሚሄደው፣ እውነቱን ለመናገር እኔም አንዴ ጥዬው ነበር። ከተራራው ወርደሽ ሳሩ እስኪታይሽ ብቻ ታገሽው። ከዛ በኋላ ሚሽኑን ተይው፣ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሿን ማፕ አጥፊያትና ፈረስሽን ይዘሽ ውጪ። ጌሙ ቀሰስተኛ የሆነብሽ ማፗ ላይ መንገድ የምታሳየውን ቢጫ መስመር እያየሽ ስለምትነጂ ነው፣ ዓይንሽ ከመስመሯ ሲነሳ ወፉም ሚዳቋውም መንገድ ዳር የሚያለቅሰው ሰውዬም መታየት ይጀምራል። አንድ ሰዓት ለዚህ ይበቃል። ፈረሷን መመገብና መቦረሽ ብቻ እንዳትረሺ፣ ታኮርፋለች።