የባለቤትዎ ደህና መውጣት የእርስዎን ካሣ አይቀንስም

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂዋ ከ14 ወር በፊት ቪትዝ እየነዱ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ፣ ኩርባ ላይ ደርቦ ለማለፍ የሞከረ አይሱዙ ፊት ለፊት ገጫቸው። እሳቸውም ባለቤታቸውም ቀበቶ አስረው ነበር። ገቢና የተቀመጡት ባለቤታቸው ተጫጭረው ወጡ፤ የእሳቸው ቀኝ ቁርጭምጭሚት ግን ተሰበረ። የአይሱዙው ባለቤት "በአንድ መኪና፣ በአንድ ግጭት ባልሽ ምንም አልሆነም። ያንቺ የቆየ ሕመም ነው፣ ወይም መሪው ላይ ተለጥፈሽ ስለነዳሽ ነው" ብሎ ከመጀመሪያው ሕክምና በላይ አልከፍልም አለ። ያስኬደዋል ወይ?

አብሽሩ እህቴ፣ አያስኬደውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2091 ካሣው ተጎጂው ላይ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። የሚለካው የእርስዎ እግር ነው፤ የባለቤትዎ እግር መለኪያ አይሆንም።

ክርክሩ በጥናትም አይደገፍም። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ቀበቶ ያሰረች ሴት ሹፌር በከባድ ሁኔታ የመጎዳት ዕድሏ ቀበቶ ካሰረ ወንድ ሹፌር በ47 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። በ2019 የፊት ለፊት ግጭትን ብቻ ለይተው ሲያዩ ልዩነቱ 73 በመቶ ሆነ። ይህን ቁጥር ብቻውን ይዘው ችሎት እንዳይቆሙ ግን እመክራለሁ። በ2021 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ከልዩነቱ ብዙው የመጣው ሴቶች ትንንሽ መኪና ስለሚነዱና ከግጭቱ ዓይነት መሆኑን አሳይቷል፤ ተቃራኒ ወገን ይህን ሊያነሳ ይችላል። እዚያው ጥናት ውስጥ ግን ተመሳሳይ ግጭቶች ሲነጻጸሩም ሴቶች መካከለኛ ክብደት ያለው የእግር ጉዳት የሚደርስባቸው ዕድል ከወንዶቹ 2.5 እጥፍ ያህል ሆኖ ቀርቷል። የእርስዎም ጉዳት እግር ላይ ነው።

"ተጠግተሽ ነድተሽ" ለሚለው፦ ካሣ የሚቀነሰው ተጎጂው ራሱ ጥፋት ሲኖርበት ነው። ቁመቱ አጠር ያለ ሰው ፍሬን ለመርገጥ ወንበሩን ወደፊት መሳቡ ጥፋት አይደለም። ለመኪና የግጭት ሙከራ ለረጅም ዘመን ያገለገለው አሻንጉሊት እንኳ 175 ሴንቲ ሜትርና 78 ኪሎ ገደማ የሆነ ወንድ አምሳያ ነው። ቪትዙ ጋራዥ ከሆነ ሳይጠገን ፎቶ ያንሱ፦ ወንበሩ ሐዲዱ ላይ የቆመበትን፣ የተጣመመውን ፍሬን ፔዳል፣ ወደ ውስጥ የገባውን ወለል። ከመሪው መሃል እስከ ወንበሩ መደገፊያ ያለውን በሜትር ለክተው ይጻፉ።

የሚያሰጋኝ ሌላ ነገር ነው። አንቀጽ 2084 ሁለት ተሽከርካሪ ሲጋጭ እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል፤ የአንዱ ሹፌር ጥፋት ካልተረጋገጠ ጉዳቱን የመኪኖቹ ባለቤቶች ለሁለት ይካፈላሉ። ስለዚህ ትራፊክ ፖሊስ ያነሳው ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ) ማኅተም ያለበት ግልባጭ ይያዝ፤ አይሱዙው መስመርዎ ውስጥ መግባቱ እዚያ ላይ መታየት አለበት።

ከሐኪም የሚጠይቁት ወረቀት "ተሰብራለች" ብቻ የሚል አይሁን። ስብራቱ ከፊት ለፊት ግጭት ጋር እንደሚጣጣምና በራጅ የቆየ ጉዳት ምልክት መኖር አለመኖሩ ይጻፍበት። ቋሚ ጉዳት ከቀረ የሐኪሞች ቦርድ በመቶኛ ይወስን። ወደፊት መድረሱ እርግጥ የሆነ ጉዳት፣ ለምሳሌ ብረት ማስወጣት፣ በአንቀጽ 2092 አሁኑኑ ይጠየቃል። የሞራል ካሣ ግን ከ1,000 ብር አይበልጥም፤ ለደረሰብዎ ሥቃይ እጅግ ትንሽ ነው፤ ሕጉ የወጣበት የ1952 ዓ.ም. ብር ነው።

ክሱን የአይሱዙው ባለቤትና ኢንሹራንሱ ላይ አንድ ላይ ያቅርቡ፤ ኢንሹራንሱ እስከ ሽፋኑ ጣሪያ ድረስ ይከፍላል፣ ቀሪው ከአይሱዙው ባለቤት ይጠየቃል። አደጋው እዚያው ስለደረሰ ወሎ ውስጥ መክሰስ ይችላሉ። የሹፌሩ የወንጀል ክስ እስኪያልቅ አይጠብቁ፦ በአንቀጽ 2143 ያለዎት 2 ዓመት ነው፣ 14 ወሩ አልፏል።