እትዬን ጠይቁ፦ የጾም ሾርባ ያለ ክሬም እንዴት ይወፍራል?

ኅዳር 15 የገና ጾም ከገባ ጀምሮ የሚደርሱን ጥያቄዎች ሁሉ አንድ ነገር ላይ ናቸው፦ ትኩስ፣ ቶሎ የሚደርስ፣ ወተት ያልነካው ነገር። አራቱን መርጠናል። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፣ መልሱም እንደዛው።

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ እንደምን ከረሙ። ያለሁት ሚኒሶታ ሴንት ፖል ነው፣ ስለብርዱ አላወራም፣ ከጀመርኩ አላቆምም። የምሠራው አረጋውያን ቤት ሲሆን ጠዋት በጨለማ ወጥቼ 9 ሰዓት ላይ ነው የምለቀው፣ እስከዛ ምንም ስለማልቀምስ ቤት ስገባ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ወጥ እስኪደርስ መጠበቅ አልችልም። እዚህ ምግብ ቤት ያለውን ወፍራም የዱባ ሾርባ በጣም ነው የምወደው ግን ክሬም አለበት። ቤት ልሞክረው ብዬ የአልመንድ ወተት ጨመርኩበት፣ ቫኒላ ቫኒላ አለኝ፣ ደግሞ ቀጠነ። የሥራ ባልደረባዬ «ነን ዴይሪ» (ወተት አልባ) የሚል የቡና ክሬመር ዱቄት ሰጥታኛለች፣ እሱስ የጾም ነው? ካሹ የሚባለውን ለውዝ ፍጪበት የሚሉኝም አሉ ግን ዋጋው አይቀመስም። በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ነገር ካለ በናትዎ ይንገሩኝ። (ብርድ የፈጀኝ፣ ከሚኒሶታ)

መልስ፦ የኔ እህት፣ ክሬመሩን ለባልደረባሽ አመስግነሽ መልሺላት። ፊት ለፊቱ «ነን ዴይሪ» ቢልም ጀርባውን ስታነቢው «ሶዲየም ኬዚኔት» የሚል ካለበት፣ ብዙዎቹ ላይ ደግሞ አለ፣ እሱ ከወተት የሚወጣ ፕሮቲን ነው። አሜሪካ ውስጥ ከስሙ አጠገብ የወተት ተዋጽኦ መሆኑን እንዲጽፉ ይገደዳሉ፣ ግን በጣም ደቃቅ አርገው ነው የሚጽፉት። ሌላ ዘዴ ልንገርሽ፣ እዛ ብዙ የታሸገ ምግብ ላይ የአይሁዶች የኮሸር (በሃይማኖታቸው የተፈቀደ ምግብ) ምልክት ይኖራል፣ ከምልክቱ ጎን «ዲ» የምትለዋ የእንግሊዝኛ ፊደል ካለች ወተት አለበት ወይም ወተት በነካው ማሽን የተሠራ ነው ማለት ነው፣ ሱቅ ቆመሽ ዓይንሽን ከማፍጠጥ ትገላግልሻለች። የአትክልት መረቅ ኩቦችንም እንዲሁ እይ፣ አትክልት ተብሎ የወተት ዱቄት ያለበት ሞልቷል። የአልመንድ ወተቱን በተመለከተ ስኳር የሌለውን ብትገዢ ቫኒላው ይቀርልሻል፣ ግን አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ሾርባ አያወፍርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሾርባን ወፍራምና ለስላሳ የሚያደርገው ወተትነቱ አይደለም፣ በደቃቁ ተፈጭቶ ውሃው ውስጥ የተበተነ ቅባትና ከአትክልቱ የሚወጣ ስታርች ነው። ቅባቱ ከላም ይምጣ ከፍሬ ይምጣ ምላስ ብዙም ግድ የለውም። እና እኔን የሚገርመኝ ሰው ሁሉ ካሹ ካሹ ሲል የኛን ሱፍ መርሳቱ ነው። እናቶቻችን በጾም ሱፍ ቀቅለው፣ ፈጭተው፣ አጥልለው ፍትፍት የሚሠሩበት ያ ነጭ ውሃ እኮ ራሱ ክሬም ነው! ሱፍ ፍትፍት በልቶ የሚያውቅ ሰው አፍ ላይ እንዴት እንደሚለሰልስ አይጠፋውም። እንጀራ ላይ በማፍሰስ ፈንታ ሾርባ ውስጥ ጨምሪው፣ በቃ።

እዛ ሱቅ የምታገኚው የተፈለፈለ የሱፍ አበባ ፍሬ ነው፣ ልጣጩ ስለወጣለት መቀቀሉም ማጥለሉም ይቀልልሻል፣ ዋጋውም ከካሹ ጋር አይወዳደርም። ጥሬውንና ጨው የሌለበትን ግዢ፣ የተቆላው ሾርባውን ያጠቁረዋል፣ የዱባውንም ጣዕም ይውጠዋል።

ለአራት ሰው እንዲህ ነው። ቤት እንደገባሽ ኮትሽን ሳታወልቂ ግማሽ ኩባያ ሱፍ ላይ የፈላ ውሃ አፍስሺበትና ተይው። ድስት ጥደሽ በ2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት አቁላዪ፣ እንደ ወጥ ቁሌት አትጠብቂው፣ መልኩ ሳይቀየር ልስልስ ሲል ይበቃዋል። 3 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብልና ሩብ የሻይ ማንኪያ እርድ ጣል አርጊበት፣ ሽታው ሲወጣ ግማሽ ኪሎ ዱባና 2 ካሮት ጨምሪ። አትክልቱን ደቀቅ አርገሽ ክተፊው። የጥፍር ስፋት ካከለ በ12 ወይ በ15 ደቂቃ ይበስላል፣ ትልልቁ ግን ግማሽ ሰዓት ይፈጅብሻል፣ ስለዚ ሰዓት የሚቆጠበው ቢላ ላይ ነው እንጂ እሳቱን በመጨመር አይደለም። ዱባ መላጥ ካታከተሽ ተከትፎ በረዶ ቤት የሚሸጠውን ፍሮዝኑን ውሰጂ፣ ምንም አይልም። 4 ኩባያ ሙቅ ውሃ አርገሽ ክደኚው።

እሱ እስኪበስል የሱፉን መዘፍዘፊያ ውሃ ድፊና በአንድ ኩባያ ተኩል ንጹህ ውሃ ብሌንደር ውስጥ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ፍጪው። ሰው የሚቸኩለው እዚች ጋ ነው፣ ነጭ ስለሆነ ብቻ ያለቀ ይመስለዋል። በሁለት ጣትሽ ፈተግ አርጊው፣ አሸዋ አሸዋ ካለሽ ገና ነው። ብሌንደርሽ አቅም ከሌለው በወንፊት አጥልይው። ከዛ ሱፉን ሌላ ዕቃ ላይ ገልብጠሽ አትክልቱን ፍጪ፣ ግን ተጠንቀቂ፣ ትኩስ ነገር ሲፈጭ እንፋሎቱ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል፣ ከግማሽ በላይ አትሙዪው፣ መሃል ላይ ያለችውን ትንሽዬ ክዳን አውጥተሽ በፎጣ ሸፍኚው። ድስቱ ውስጥ የሚገባው በእጅ የሚያዘው ብሌንደር ካለሽ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም።

ወደ ድስቱ መልሰሽ የሱፍ ወተቱን ጨምሪና በትንሽ እሳት 3 ወይ 4 ደቂቃ አማስዪው፣ ዓይንሽ እያየ ሲወፍር ታያለሽ። በኃይል አታንተክትኪው፣ ሊቆራረጥ ይችላል። ጨው መጨረሻ ላይ፣ ግማሽ ሎሚ ደግሞ ከእሳት ከወረደ በኋላ። ቶሎ ይብሰልልኝ ብለሽ ቤኪንግ ሶዳ እንዳትነሰንሺበት ብቻ፣ ሱፍ ውስጥ ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባል ነገር አለ፣ ሶዳ ሲያገኘው አረንጓዴ ይሆናል፣ አይጎዳም ግን ደስ አይልም። ከላይ ድርቆሽ ሰብረሽ በትኚበት፣ ፈረንጆቹ የተጠበሰ ዳቦ የሚያደርጉበትን ቦታ ድርቆሽ በደንብ ይሸፍናል፣ እንደውም ይበልጣል ባይ ነኝ።

ቅዳሜ በብዛት ልሥራው ካልሽ የተፈጨውን አትክልት ሱፍ ሳይገባበት ፍሪዘር ክተቺው፣ ሱፉን የምትበዪ ቀን ፍጪ። ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ ሶስት አራት ቀን ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ጀሞ ብቻዬን የምኖር ልጅ ነኝ፣ ብሌንደር የለኝም፣ ቢኖረኝም መብራት ይሄዳል። ፈረንጅ በ20 ደቂቃ ይደርሳል ያለው የምስር ሾርባ እኔ ጋ 40 ደቂቃ ፈጀ፣ ምን አጥፍቼ ነው? ድንች አብዝቼ የጎረቤት ብሌንደር ላይ ፈጨሁትና ደግሞ ሙጫ ሆነብኝ፣ ማንኪያ ተከትሎ የሚነሳ ሙጫ። የታኅሣሥ ማታ ብርድ አጥንት እየገባ ነው፣ ይድረሱልኝ። (ወንደላጤው)

መልስ፦ ወንድሜ ያንተ ጥፋት አይደለም፣ የከተማህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ እዛ ከፍታ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ይፈላል፣ እሳቱን ብታነደው ከዛ በላይ አይሞቅም፣ ስለዚ ጥራጥሬ ጊዜ ይወስዳል። መፍትሄው ፕሬዠር ኩከር ነው፣ ከሌለህ ምስር ክኩን ጠዋት ስትወጣ ዘፍዝፈኸው ሂድ፣ ማታ በግማሽ ጊዜ ይበስልልሃል። ጨውና ቲማቲም ምስሩ ሳይበስል አታስገባ፣ በተለይ ቲማቲም ያደርቀዋል።

ድንቹን ደግሞ ብሌንደር አታሳየው። ብሌንደር ድንቹ ውስጥ ያለውን ስታርች ሰባብሮ ያወጣዋል፣ ያኔ ነው ሙጫ የሚሆነው። ድንች በእጅ ነው የሚፈጨው፣ ለዚህ ለዚህ የብሌንደር አለመኖር ላንተ ጠቀመህ። ግማሽ ኩባያ ምስር ክክ፣ 2 ድንች፣ አንድ ካሮት በሞረድ የተፈቀፈቀ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካገኘህ አንድ ባሮ ሽንኩርት። ምስሩ ሲፈርስ በእንጨት ማማሰያ ድስቱ ጎን ላይ ድንቹን እየጫንክ ጨፍልቀው። ከዛ 2 የሾርባ ማንኪያ ነጭ ሽሮ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠህ ቀስ እያልክ አፍስሰው፣ ደረቁን ብትነሰንሰው ይጓጉላል፣ በትንሽ እሳት 10 ደቂቃ እያማሰልክ ቆይ። ሽሮው ያለ ምንም ማሽን ለስላሳ ያደርገዋል፣ ግን ከ2 ማንኪያ ካለፍክ ሾርባ መሆኑ ቀርቶ ሽሮ ይሆናል፣ እሱም እራት ነው መቼስ። በርበሬ ያለበትን ምጥን አይደለም ያልኩህ። የተፈጨ ሱፍ ከፈለግክ ደግሞ ባልትና ቤት ጠይቅ፣ በሙቅ ውሃ በጥብጠህ በወንፊት ማጥለል ብቻ ነው የሚቀርህ።

ጥያቄ፦ ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ፣ ከእስራኤል ነታንያ ነው የምጽፍልሽ። ልጄ 4 ዓመቱ ነው፣ የወተት አለርጂ አለበት። ክረምት ሲመጣ ሾርባ እንሠራለን፣ «ፓርቬ» የሚለውን የሾርባ ዱቄት ብገዛ ችግር የለውም አይደል? ወፍራም ካልሆነ አይበላልኝም።

መልስ፦ ፓርቬ ማለት ወተትም ሥጋም አልገባበትም ማለት ነው፣ ለአይሁድ ሃይማኖት ሥርዓት ይበቃል፣ ለአለርጂ ግን ዋስትና አይደለም፣ የወተት ርዝራዥ ሊኖርበት ይችላል። ጀርባው ላይ ያለውን የአለርጂ ማስጠንቀቂያ ሳታነቢ ለልጁ አትስጪው፣ ሐኪሙንም ጠይቂ። (ጾመኞችም ልብ በሉ፣ ፓርቬ እንቁላልና ዓሣ ሊኖርበት ይችላል።) ለማወፈሩ ዱቄቱ አያስፈልግሽም። አንቺ አገር ጥሂና (የተፈጨ ሰሊጥ) በየሱቁ አለ፣ 2 ማንኪያ ጥሬ ጥሂና በሞቀ የሾርባ ውሃ በጥብጠሽ እሳቱን ካጠፋሽ በኋላ ጨምሪ፣ ካሮትና ስኳር ድንች ላይ በጣም ያምራል። ግን ሰሊጥም ራሱ ብዙ ልጅ ላይ አለርጂ ያመጣል፣ ልጅሽ ከዚህ በፊት በልቶት የማያውቅ ከሆነ በሾርባ አትጀምሪው። እንደዛ ከሆነ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ሽምብራ ከአትክልቱ ጋር አብረሽ ፍጪው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ባለቤቴ «ቅቤ የሌለበት ሾርባ የሆስፒታል ነው» እያለ አስቸገረኝ። ጾም ነው ስለው «ይገባኛል ግን አይጣፍጥም» ይለኛል። ምን ልበለው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ምንም አትበዪው፣ አፍንጫውን አታልዪው። ሰውዬው የናፈቀው ቅቤውን ሳይሆን የቅቤውን ቅመም ነው። ቅቤ የምታነጥሪበትን ቅመም ዘይት ላይ አድርጊው፦ አንድ ኩባያ ዘይት፣ ግማሽ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ኮሰረት፣ የተከካ ኮረሪማ፣ አንድ ቁንጥር እርድና አብሽ። በጣም በትንሽ እሳት 15 ወይ 20 ደቂቃ፣ ሽንኩርቱ ከጠቆረ እሳቱ በዝቷል፣ ዘይቱ ይመርራል። አጥልይውና ሾርባው ሳህን ላይ ከወጣ በኋላ አንድ የሻይ ማንኪያ ከላይ ጠብ አርጊለት፣ ድስት ውስጥ ከጨመርሽው ሽታው ይጠፋል። ነጭ ሽንኩርት የገባበት ዘይት ደግሞ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም፣ ሊመረዝ ይችላል፣ ፍሪጅ አስገቢውና በ4 ቀን ውስጥ ጨርሺው።