ለዶሮሮ ጌም ጠያቂው፦ ብር ከመላክህ በፊት ይህን አንብብ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። የ2019ኙን የዶሮሮ አኒሜ (የጃፓን ካርቱን ፊልም) ጨርሰህ ልብህ ተነክቷል። ከኦሳሙ ቴዙካ ብዙም ከማይወራላቸው ሥራዎች የተሠሩ ጌሞች ካሉ ከየትኛው ልጀምር ነው ያልከው። ቤት ውስጥ ፕሌይስቴሽን 2 እንዳለም ጽፈሃል። ከስር የመለሱልህ ሁሉ የቴዙካን ዝነኛ ሮቦት ልጅ፣ አስትሮ ቦይ፣ አስትሮ ቦይ ይሉሃል። አንተ የጠየቅከው ግን ሌላ ነው። እኔ ይህን መንገድ ሄጄበታለሁ፣ ገንዘብም አውጥቼበታለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

ማንጋ የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ ነው፣ ቴዙካም ከታላላቆቹ ማንጋ ሠሪዎች አንዱ ነው፤ ከዚህ በላይ አልዘረዝርም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

አንደኛ፦ ከዶሮሮ ጀምር። ጌሙን ሴጋ በ2004 ለፕሌይስቴሽን 2 አወጣው። ጃፓን ውስጥ ስሙ ዶሮሮ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ሲሄድ ግን ብላድ ዊል ቴል ተባለ። ዶሮሮ ብለህ ስትፈልግ ያጣኸው ለዚህ ነው። የገጸ ባሕርያቱን መልክ እንደ አዲስ የሣለው ሂሮአኪ ሳሙራ ነው። በሰይፍ ማንጋዎቹ ታውቀው ይሆናል። ስለዚህ የቴዙካን ክብ ክብ ፊት አትጠብቅ።

ታሪኩን ታውቀዋለህ። ዳይጎ ካገሚትሱ የሚባል የጦር አለቃ ሥልጣን ፈልጎ ገና ያልተወለደ ልጁን ለአጋንንት ይሰጣል። ልጁ ዐይን የለው፣ ጆሮ የለው፣ እጅና እግር የለው ሆኖ ይወለድና ወንዝ ላይ ይጣላል። አንድ ሐኪም ያነሳዋል። ሰው ሠራሽ አካል ይገጥምለታል፣ ክንዱ ውስጥም ስለት ይደብቅለታል። ልጁ ህያኪማሩ አድጎ አንድ ጋኔን በገደለ ቁጥር አንድ አካሉ ይመለሳል። አንተ ባየኸው አኒሜ አጋንንቱ 12 ናቸው። በማንጋው ግን 48 ናቸው። ጌሙም የያዘው 48ቱን ነው። ስትጀምር ይህ እንዳያደናግርህ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ቴዙካ ዶሮሮን በ1967 ሾነን ሰንደይ በሚባለው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ጀመረው። በ1968 ተቋረጠ። በ1969 አኒሜው በቴሌቪዥን ሲጀምር በሌላ መጽሔት ቀጠለው። ግን በወጉ ሳይቋጭ ቀረ። ህያኪማሩ አካሉን ሁሉ ሳያስመልስ ታሪኩ ያልቃል። ማንጋውን ስታነብ እዚያ ቦታ ላይ ትናደዳለህ፣ እኔም ተናድጃለሁ። ቴዙካ በየካቲት 1989 አረፈ። ከ15 ዓመት በኋላ ጌም ሠሪዎቹ መጡና 48ቱን አጋንንት አንድ በአንድ አሰለፉ። ደራሲው ሳይጨርሰው የቀረውን መንገድ አንተ በጆይስቲክ ትጨርሰዋለህ። የልጁ ዐይን፣ ጆሮ፣ እጅ፣ እግር ሁሉ እየተመለሰ ሲመጣ ታያለህ። ከማንጋ ከተሠሩ ጌሞች ውስጥ ለመጽሐፉ ይህን ያህል የዋለለት ሌላ አላውቅም። አብዛኞቹ ስሙን ወስደው ሰው ማደባደብ ብቻ ነው ሥራቸው።

ደግሞ ይህን ተመልከት። ማንጋው በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሆኖ አሜሪካ የወጣው በ2008 ነው። በቀጣዩ ዓመት አይስነር የሚባለውን ትልቁን የኮሚክስ ሽልማት አገኘ። ጌሙ ግን በ2004 እዚያ ደርሷል። ማንጋው ራሱ እስኪተረጎምላቸው ድረስ ስንት የእንግሊዝኛ አንባቢ ህያኪማሩን ያወቀው በዚህ ጌም ነው። ያኔ አብዛኛው ሰው ዝም ብሎ አለፈው። ይህ ነገር እስካሁን ያበሳጨኛል።

ጌሙን ስትከፍት ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ቴሌቪዥኑ ተበላሸ ብለህ ገመድ እንዳትነቅል። ታናሽ ወንድሜ ሊነቅል ተነስቶ በግድ ነው ያስቀመጥኩት። ህያኪማሩ ማየት የሚጀምረው ዐይኑ ሲመለስለት ነው። ያኔ ቀለም ይመጣል። ይህን በማንጋ ገጽ ላይ ልታገኘው አትችልም። ማንጋው ራሱ ጥቁርና ነጭ ነውና። ያቺ ደቂቃ ለእኔ የጌሙ ሁሉ ዋጋ ናት።

ሁለተኛ፦ ማሽንህ የየት አገር እንደሆነ ሳታይ ዲስክ አትግዛ። የፕሌይስቴሽን 2 ዲስክ በአገር ይቆለፋል። የጃፓኑ ዲስክ የአውሮፓው ማሽን ላይ አይነሳም፣ የአሜሪካውም እንደዚያው። እኛ ጋ ያሉት ብዙዎቹ ከዱባይ የመጡ ናቸው። ተከፍተው የሌላ አገር ዲስክ የሚያስነብብ ቺፕ ካልገባላቸው በቀር የአውሮፓውን ዲስክ ነው የሚያነቡት። ማሽኑን ገልብጠህ የሞዴል ቁጥሩን እይ። በአብዛኛው መጨረሻው 00 ከሆነ የጃፓን፣ 01 ከሆነ የአሜሪካ፣ 04 ከሆነ የአውሮፓ ነው። ዲስኩ ላይ ደግሞ ኮድ አለ። በኤስ ኤል ዩ ኤስ የሚጀምረው የአሜሪካ ነው። በኤስ ኤል ኢ ኤስ የሚጀምረው የአውሮፓ ነው። በኤስ ኤል ፒ ኤም የሚጀምረው የጃፓን ነው። ሻጩ የዲስኩን ፊት ፎቶ አንስቶ ይህን ኮድ ካላሳየህ አምስት ሳንቲም አትላክ። የሽፋን ፎቶ ዋጋ የለውም።

ለምን እንደዚህ እንደምል ልንገርህ። እኔ ለሻጩ በግልጽ ጽፌለታለሁ። እንግሊዝኛውን፣ የአውሮፓውን ነው የምፈልገው አልኩት። እሺ አለ። የላከልኝ ፎቶም የእንግሊዝኛው ሽፋን ነው። ጀርመን ያለችው የአክስቴ ልጅ ከፈለችልኝ። እዚህ ሆነን ዶላር የምንከፍልበት ካርድ ከየት ይመጣል? ሰንብቶ እሽግህ ደርሷል ተባልኩ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

እሽግ የሚሰጡበት ቢሮ ሄደህ ታውቃለህ? መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ «ነገ ና» አለች። ለምን ብላት ቀና ብላም አላየችኝም። በነጋታው ስሄድ እሷ የለችም። አንድ ትልቅ ሰውዬ ናቸው። እሽጉን ቀደዱት። ቀስ ብለው እንኳ አይደለም፣ ሳጥኑን ከነሽፋኑ ነው የሰነጠቁት።

«ይሄ ፊልም ነው?»

«አይ ጋሼ፣ ጌም ነው።»

«ፊልም ከሆነ ፈቃድ ያስፈልገዋል።»

«ጌም ነው ጋሼ። የሚጫወቱበት።»

«የልጅ መጫወቻ ነዋ! ልጅ አለህ?»

የለኝም አልኳቸው። ጎናቸው ላለው ሰው ዞረው፣ «ይሄን የሚያህል ሰውዬ በመጫወቻ ያስጨንቀናል» አሉ። ሰልፉ ሳቀ። እኔ ደረሰኜን አወጣሁ። የተገዛበት ዋጋ ተጽፎበታል፣ ያገለገለ ዕቃ እንደሆነም ተጽፏል። አላይም አሉ። በራሳቸው ግምት የአዲስ ዕቃ ዋጋ ጻፉበት። ቀረጡ በዚያ ተሰላ። ሃምሳ ዓመት የቆየ ታሪክ፣ ከዘመኑ ታላላቅ ሠዓሊዎች አንዱ የፈጠረው ሥራ፣ እንደዚያ ተብሎ ሲናቅ አመመኝ። ገንዘቡ ይቅር፤ ሰው የሚወደውን ነገር በሰልፍ ፊት ማዋረድ ምን ይባላል?

ከፈልኩና ተረከብኩ። እዚያው ቆሜ ሳጥኑን ስከፍት ሽፋኑ እንግሊዝኛ ነው። ዲስኩ ጃፓንኛ ነው። ኮዱ ኤስ ኤል ፒ ኤም ይላል። ተመልሶ ይሂድልኝ ስላቸው፣ «አንዴ ከተከፈተ አይመለስም» አሉኝ። የከፈቱት እርስዎ ነዎት አልኩ። መስኮቱን ዘጉት። ምሳ ሰዓት ነው።

ሻጩም ሽፋኑ ለማሳያ ነው ብሎ አንድ መልስ ሰጠኝ፣ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ።

ስለዚህ በፖስታ አታስመጣ። በሰው አስመጣ። የአክስቴ ልጅ በራሷ እልህ ያገለገለ ጌም የሚሸጡበት ሱቅ ገብታ አገኘችው። ከመክፈሏ በፊት የዲስኩን ኮድ ፎቶ ላከችልኝ። ኤስ ኤል ኢ ኤስ። ግዢው አልኳት። ለፋሲካ ከሚመጣ ሰው ጋር፣ ከቸኮሌት ጋር ሻንጣ ውስጥ ገብቶ መጣ። ቀረጥ የለ፣ መስኮት የለ፣ ስድብ የለ። ውጭ ዘመድ ካለህ ዛሬውኑ ደውልላቸው። ዲስኩ ርካሽ አይደለም፣ ከ100 ዶላር በላይ የሚጠሩበት ሻጮች አሉ። ቸኩለህ የመጀመሪያውን አትያዝ። ኮፒ ይሻልሃል የሚሉህም አሉ። ኮፒ የሚሸጡት ልጆች ጋ ጠይቄያለሁ። ያላቸው ኳስና ጂቲኤ ነው።

ስትጫወት ደግሞ ታገስ። ካሜራው ያስቸግራል፣ ግድግዳ ጥግ ላይ ስትዋጋ ጠላትህን አታይም። ወደ ሰፊ ቦታ እየሳብክ ተዋጋ። ሁሉም አጋንንት መንገድህ ላይ አይመጡም። የተደበቁ አሉ፣ አልፈሃቸው ከሄድክ ተመልሰህ ትፈልጋለህ። እኔ 48ቱንም ጨርሻለሁ። በዚህ ከተማ ስንት ሰው እንደጨረሰው እንጃ፣ እኔ ግን ጨርሻለሁ፣ ሴቩም አለኝ። ሁለተኛ ጆይስቲክ ካለህ ጓደኛህ ዶሮሮን፣ ከህያኪማሩ ጋር የሚጓዘውን ትንሽ ሌባ፣ ይዞ አብሮህ ይጫወታል። ወንድሜ እንደዚያ ነው የገባው። መጀመሪያ ገመድ ሊነቅል የተነሳው ልጅ በመጨረሻ ማንጋውን ከእኔ ቀምቶ አነበበ።

ከዶሮሮ በኋላ የት ልሂድ ካልከኝ፣ አሁን አስትሮ ቦይ እልሃለሁ። ግን እነሱ በሚሉህ ምክንያት አይደለም። ኦሜጋ ፋክተር የሚባለውን ነው የምልህ። ጃፓን ውስጥ በ2003 ለጌም ቦይ አድቫንስ፣ በእጅ ለሚያዘው የኒንቴንዶ ማሽን፣ የወጣ ነው። ትሬዠርና ሂትሜከር የሚባሉ ቡድኖች ሠሩት። ስሙ የአስትሮ ቦይ ይሁን እንጂ ውስጡ የቴዙካ ቤተሰብ ሁሉ ተሰብስቧል። ሐኪሙ ብላክ ጃክ አለ። ባለ ሦስት ዐይኑ ሻራኩ አለ። የማትሞተዋ ወፍ ፊኒክሷም አለች። አዲስ ሰው ባገኘህ ቁጥር አስትሮ አቅሙ ይጨምራል። ማለትም ጌሙ የሚሸልምህ የቴዙካን ሰዎች በማወቅህ ነው። እያንዳንዱ ሰው የት ሥራ ላይ እንደነበረም ማስታወሻ ይሰጥሃል። ቀጥሎ ምን እንደማነብ የመረጥኩት ከዚያ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ መጀመሪያ ሲያልቅ አላለቀም። ፊኒክሷ ወደ ኋላ ትመልስሃለች፣ እውነተኛው ታሪክ ከዚያ ይጀምራል። አለቀ ብለው ያስቀመጡት ሰዎች አውቃለሁ፣ ያሳዝኑኛል።

የጌም ቦይ አድቫንስ ካሴት በአገር አይቆለፍም፣ የትም የተገዛ ይሠራል። ነገር ግን ፎርጅድ ሞልቷል። ፎርጅዱ ሴቭ ያደርግልሃል፣ አንድ ቀን ትከፍታለህ፣ ሁሉም ጠፍቷል። ዋናው ካሴት ፊቱ ላይ ያለው ወረቀት በብርሃን ስታየው ሁለት አሃዝ ተጭኖበት ታያለህ። ከታች ብረቶቹ ላይ ኒንቴንዶ የሚል ጽሑፍ አለ። እነዚህ ከሌሉ ተወው።

አሮጌዎቹን ልቤ ይወዳቸዋል፣ ግን ለአንተ አሁን አይሆኑም። ሻራኩ የራሱ ጌም አለው፣ ናትሱሜ የሚባል ድርጅት ሠርቶት በ1992 ለፋሚኮም፣ ለኒንቴንዶ አሮጌ የጃፓን ማሽን፣ የወጣ። ከጠላት የሚወድቀውን ሳንቲም መሬት ሳይነካ ደጋግመህ ስትመታው ዋጋው ይጨምራል፣ እሱ ብቻ ሰዓት ይበላል። ኮናሚ ደግሞ በ1987 ከፊኒክስ ማንጋ የጋኦን ክፍል ወደ ጌም አምጥቶታል። በማንጋው ጋኦ ሽፍታ ሆኖ ቆይቶ ቅርጻ ቅርጽ ሠሪ የሚሆን ሰው ነው። በጌሙ የሚወረውረው መሮውን ነው። የማንጋው ጥልቀት የለውም፣ ቢሆንም ዝላዩና ውጊያው ጥሩ ነው። ሁለቱም የጃፓን ካሴት ናቸው። የፋሚኮም ካሴት ከታች ያሉት የብረት እግሮች 60 ናቸው፣ የአሜሪካና የአውሮፓው ማሽን 72 ነው፣ ያለ ማገናኛ አይገባም። እነሱን ለሌላ ጊዜ ተዋቸው።

ለአሁኑ ማሽንህን ገልብጠህ የጀርባውን ቁጥር እዚህ ጻፍልኝ። ሻጭ ካገኘህም የዲስኩን ኮድ ፎቶ አያይዘህ ላክ፣ አይቼ ግዛ ወይም ተው እልሃለሁ። ዘመድህ የሚመጣው ለበዓል ከሆነ ከአሁኑ ጀምር፣ ዲስኩን ፈልጎ ማግኘት ጊዜ ይወስዳል።