መልስ፦ ኦውዝ ዜሮ፣ ኪክሎክ ወይስ ኮግኒቶ?

የመግቢያና የይለፍ ቃል ሥራን ከሚይዙት ከእነዚህ ሦስት ሥርዓቶች ለመተግበሪያዎ የደንበኞች መግቢያ የትኛው እንደሚሻል ለጠየቁት፦ ከዋጋው በፊት መውጫውን፣ ማለትም አንድ ቀን ትተውት ወደ ሌላ ሲሄዱ የሚሆነውን፣ ይመልከቱ። የአማዞኑ ኮግኒቶ የይለፍ ቃሎችን፣ በሀሽ (ወደ ዋናው ቃል በማይመለስ የተቀየረ) መልክም ቢሆን፣ አውጥቶ አይሰጥም። ነገ ልልቀቅ ቢሉ ወይ ደንበኛው ሁሉ የይለፍ ቃሉን እንደ አዲስ ያወጣል፣ ወይ እያንዳንዱ ደንበኛ ሲገባ አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ማሻገር ነው። ኦውዝ ዜሮ (ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ የኦክታ ንብረት ነው) ሲጠየቅ ይሰጣል፤ በነጻው ዕቅድ ላሉት ግን አይሰጥም። ኪክሎክ በራስዎ አገልጋይ (ሰርቨር) ላይ የሚያስኬዱት ሶፍትዌር ስለሆነ የመረጃ ቋቱ ራሱ በእጅዎ ነው። ክፍያ የለውም፤ ነገር ግን ማሻሻያውን የሚከታተል፣ መጠባበቂያ ቅጂ የሚይዝ፣ ሌሊት ሲወድቅ የሚያነሣ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ካለዎት እኔ ያለ ማመንታት ኪክሎክ እላለሁ፤ ከሌለዎት ኦውዝ ዜሮ።