አሜሪካ ፈረንሳይን ከዳች ወይ?

ወንድሜ፣ «አሜሪካ ነፃ የወጣችው በፈረንሳይ ጦርና ገንዘብ ነው፤ ታዲያ ፈረንሳይ ከእንግሊዝ ጋር ስትዋጋ ዳር መቆሟ ክህደት አይደለም ወይ?» ብለህ የጠየቅከው ለእኔ አዲስ ጥያቄ አይደለም። እዚህ ቨርጂኒያ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ አባቶችንና እናቶችን ቅዳሜ ቅዳሜ አስጠናለሁ። ከጥያቄዎቹ አንዱ በ1803 ከፈረንሳይ የተገዛው ግዛት ማን እንደሚባል ይጠይቃል። መልሱ «ሉዊዚያና» ነው፣ በአንድ ቃል ያልቃል። አንድ አባት ግን «ልጄ፣ ባለውለታዋን ትታ ስታበቃ በምን ዓይኗ መሬት ሽጪልኝ አለቻት?» አሉኝ። የዚያን ቀን የሚረባ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ነው ቁጭ ብዬ ያነበብኩት። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ውለታው እውነት ነው። በ1781 ዮርክታውን ላይ የእንግሊዝ ጦር እጁን የሰጠው የፈረንሳዩ አድሚራል የደ ግራስ መርከቦች ባሕሩን ዘግተውበት፣ የፈረንሳዩ ጄኔራል የሮሻምቦ ወታደሮች ከዋሽንግተን ጦር ጋር ከበውት ነው። ከፈረንሳይ ጋር በተፈራረመችው የ1778ቱ ውልም አሜሪካ በአህጉሩ ያሉትን የፈረንሳይ ይዞታዎች ልትጠብቅ ቃል ገብታ ነበር።

በ1793 የፈረንሳይና የእንግሊዝ ጦርነት ሲነሳ ግን ውለታ የዋለችው ፈረንሳይ የትኛዋ እንደሆነች መለየት አስቸጋሪ ነበር። ውሉን ያስፈረመው ንጉሥ በዚያው ዓመት መጀመሪያ አንገቱ ተቀልቷል። ለአሜሪካ ነፃነት የተዋጋው ፈረንሳዊው ላፋዬት በአገሩ ከሃዲ ተብሎ ሸሽቶ ባዕድ አገር ታስሯል። መርከብ ይዞ ለእርዳታ የመጣው አድሚራል ዴስታንም በዓመቱ በጊዮቲን ተገደለ። የዋሽንግተን የገንዘብ ሚኒስትር ሃሚልተን «ውሉ ከንጉሡ ጋር ነበር» ሲል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጄፈርሰን «ውል የሕዝብ ነው፣ ንጉሥ ሲሞት አይሞትም» አለ። እኔ በዚህ ከጄፈርሰን ጋር ነኝ። ጦርነት መግባት እንደማይቻል ግን ሁለቱም ተስማምተዋል። የአሜሪካ መንግሥት አንድም የጦር መርከብ አልነበረውም፤ የመጨረሻዋ በ1785 ተሸጣለች። ገቢው በአብዛኛው ከጉምሩክ ነበር፣ ቀረጡ የሚከፈልበት ዕቃ ደግሞ የሚመጣው በብዛት ከእንግሊዝ ነው። የእንግሊዝ ወታደሮችም ሰላም ከተፈረመ ከአሥር ዓመት በኋላ በአሜሪካ ምድር ያሉትን የዲትሮይትንና የናያጋራን ምሽጎች አለቀቁም። ፈረንሳይ ራሷም «ውሉን አክብራችሁ ዝመቱልኝ» ብላ በይፋ አልጠየቀችም፤ ከአሜሪካ ወታደር ይልቅ እህል የሚያመላልሱ ገለልተኛ መርከቦች ይጠቅሟት ነበር። ስለዚህ ዋሽንግተን ሚያዝያ ላይ ያወጣውን የገለልተኝነት አዋጅ ክህደት ብዬ ልጠራው አልችልም።

ፈረንሳይ በእውነት የምትከስበት ነገር ካለ የ1794ቱ የጄይ ውል ነው። እንግሊዝ በካሪቢያን ባሕር ከ250 በላይ የአሜሪካ መርከቦች ይዛ ነበርና የአሜሪካው መልእክተኛ ጆን ጄይ ለንደን ሄዶ ተደራደረ። ምሽጎቹን አስለቀቀ። ነገር ግን እንግሊዝ በአሜሪካ መርከብ የተጫነ የፈረንሳይ ዕቃ እንድትወርስ ፈቀደ፤ የ1778ቱ ውል ደግሞ በገለልተኛ መርከብ ላይ ያለ ዕቃ እንዳይነካ ይል ነበር። ሴኔቱ ያጸደቀው 20 ለ10፣ ልክ በሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ሕዝቡ የጄይን ምስል በየአደባባዩ አቃጠለ። ፈረንሳይም በተራዋ ከ300 በላይ መርከቦች ያዘች፣ ከ1798 እስከ 1800 ሁለቱ አገሮች በባሕር ተታኮሱ፤ የድሮው ውል የፈረሰው በዚህ መሐል ነው።

አሁን ወደ እኚያ አባት ጥያቄ ልመለስ። ናፖሊዮን ሉዊዚያናን በ15 ሚሊዮን ዶላር የሸጠው ለአሜሪካ አዝኖ አይደለም። ባርነትን የሰበሩትን የሄይቲን ሰዎች ሊያንበረክክ የላከው ጦር በእነሱ ክንድና በቢጫ ወባ አለቀበት፤ ሉዊዚያናን የፈለገው ደሴቲቱን እንዲመግብለት ነበርና፣ ደሴቲቱ ከእጁ ስትወጣ ምን ይሠራለታል? ከሄይቲ፣ ያኔ ሴንት ዶሚንግ ትባል ከነበረችው፣ የመጡ ከ500 በላይ ነፃ ጥቁሮችና ክልሶችም በ1779 በዴስታን ሥር ሆነው በጆርጂያዋ ከተማ ሳቫና ላይ ለአሜሪካ ተዋግተዋል። አሜሪካ ግን የሄይቲን ነፃነት ያወቀችው በ1862 ነው፤ ባሪያ አሳዳሪዎቹ የነፃ ጥቁሮች መንግሥት አምባሳደር ዋሽንግተን እንዲመጣ አልፈለጉምና። ወንድሜ፣ ክህደት የሚለውን ቃል እኔ የማኖረው እዚህ ላይ ነው።

ይህን ለእኚያ አባት ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «የሳቫናዎቹ ማስታወሻ አላቸው?» ብለው ጠየቁኝ። አላቸው፤ እዚያው ሳቫና፣ ፍራንክሊን አደባባይ ላይ በ2007 ሐውልት ቆሞላቸዋል። ለፋሲካ እረፍት በመኪና ልወስዳቸው ተቀጣጥረናል።